ንግሥቲቱ ሞታ ብሯ የነገሠበት መንገድ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። የምተርክላችሁ የገንዘብ ነገር ነው፤ ቦታውም አዳማ ነው፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ናዝሬት የሚላት ከተማ። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተጫነ ተሳቢ በጋላፊ ገብቶ ሚሌን፣ አዋሽን፣ መተሐራንና ወለንጪቲን አልፎ እዚህ ሲደርስ ሾፌሩ ሞተር ያጠፋል፣ ረዳቱ ጎማውን እየደበደበ ነፋሱን ይፈትሻል። ከሸራው ስር ያለው ማዳበሪያ ነው፣ ስንዴ ነው፣ የምግብ ዘይት ነው፣ ብረት ነው፣ የባጃጅ መለዋወጫ ነው። ቦቴው ደግሞ ነዳጅ ይዟል። ይህ ሁሉ ዕቃ ከመርከብ ሳይወርድ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብም ደርሶ ትራንዚተሩ ወረቀቱን ሳያገላብጥ፣ ዋጋው በዶላር ተቆርጦ አልቋል። አዳማ ላይ በብር እንግዛው እንጂ ሒሳቡ የተሠራው በሌላ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ዳር ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሰው አንድ ወሬ ደጋግሞ ይሰማል። ዶላር ሊወርድ ነው ይባላል፤ ብሪክስ የሚሉት ማኅበር ሌላ ገንዘብ ሊያወጣ ነው ይባላል፤ የቻይና ዩዋን ሊተካው ነው ይባላል። እውነት ነው ወይ? እኔ ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አልሰጥም። ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚወጣው የንግድ መንገድ የዓለም ገንዘብ ሲነግሥና ሲወርድ ከዚህ በፊትም አይቷል። ከዶላር በፊት በዚህ መንገድ የነገሠች አንዲት ሴት ነበረች። ከእርሷ ልጀምር።

ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። አፍሪካን አላየችም፤ ከእኛ ጋር ጦርነትም ውልም አልነበራትም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ሞተች። መልኳ የተቀረጸበት ገንዘብ ግን አብሯት አልተቀበረም። ቀራጮቹ ዓመቱን እንኳ ሳይለውጡ፣ ሁልጊዜ 1780 እያሉ፣ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ መቶ ሃምሳም ካለፈ በኋላ ያንኑ መልክ መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ የብር ማዕድን። በቀይ ባሕር የቡና ንግድ በኩል እየፈሰሰ መጣና እኛ ዘንድ ማርትሬዛ ተባለ፣ ጠገራ ብር ተባለ።

ቡና የሸጠ በማርትሬዛ ተከፈለው። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቆዳ የሸጠም እንዲሁ። ለዝርዝሩ ከአፋር ሜዳ የሚመጣው የጨው አሞሌ ነበረ፤ አሞሌው ከጨው ሜዳው እየራቀ ሲሄድ እየተወደደ፣ አንድ ማርትሬዛ የሚመነዝረው አሞሌም እያነሰ ይሄድ ነበር። ወርቅ የሚመዝን አንጥረኛ ሚዛኑ ላይ ያደረገው ራሱን ማርትሬዛውን ነው፤ ወቄት የምንለው ክብደት የእርሱ ክብደት ሆነ። ሰዉም ዝም ብሎ አልተቀበለም። ሳንቲሙን ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ፈርጦች አንድ በአንድ ካልታዩት፣ ፊቷ የለዘበ ከመሰለው፣ ይመልሰዋል። በደብዳቤና በማኅተም የማያምን ባላገር በዓይኑና በጣቱ የሚያረጋግጠው ገንዘብ ነበር።

የዚህን ገንዘብ ኃይል ለማወቅ አንድ ነገር ስሙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ መጣ። ያኔ ፓውንድ የዓለም ገንዘብ ነበር፤ ከለንደን እስከ ሕንድ የሚነግደው ሰው ሒሳቡን በፓውንድ ይሠራል። ነገር ግን ያ ጦር ለበቅሎው ገብስ፣ ለወታደሩ በግ የሚገዛበት ፓውንድ በእኛ ተራሮች ላይ የሚቀበለው አላገኘም። ስለዚህ ቪየና ድረስ ልከው በሚሊዮን የሚቆጠር ማርትሬዛ አስመጡ። ባሕሩን የሚገዛው መንግሥት የሞተች ንግሥት ገንዘብ ጭኖ መቅደላ ወጣ። የትኛዋ ገንዘብ እንደምትነግሥ የሚወስነው የጦር ኃይል ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ታሪክ አላውቅም።

የራሳችንም ነገሥታት ሞክረዋት አልቻሏትም። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክና የይሁዳ አንበሳ ያለበትን ብር ፓሪስ አስቀርጸው አስመጡ። ክብደቱ ከማርትሬዛው እኩል፣ ማዕድኑም ያው። በከተማ ሄደ፤ ገበሬው ግን ማርትሬዛውን አልለቀቀም። ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ያሸነፉት ንጉሠ ነገሥት ያችን ገንዘብ አላሸነፉም። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዳማን አልፎ አዲስ አበባ ገባ፤ የሚወርደው ቡናና ቆዳ፣ የሚወጣው ጨርቅና ብረታ ብረት ነበር፣ ሒሳቡ ግን አሁንም በማርትሬዛ ነበር።

እዚህ ላይ ለብዙ ሰው ያልታየ አንድ ጉዳት ነበረ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አውሮፓ ገንዘቡን ወደ ወርቅ አዞረ፤ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። ማርትሬዛው ያው ማርትሬዛ ነው፣ ክብደቱም አልጎደለም፤ ከፓውንድና ከፍራንክ ጋር ሲተያይ ግን አቅሙ ቀነሰ። ከውጭ የሚመጣው ጨርቅና ጠመንጃ ተወደደ። አውሮፓ ላይ የተደረገ ነገር የጅማን ቡና ሻጭ ኪስ ነካ። ገበሬው ለምን እንደሆነ የሚነግረው አልነበረም። የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ የሚኖር አገር የሌላ ሰው ውሳኔ እንደሚያድርበት ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር።

ሙሶሊኒ ይህን ነገር አውቆ ነበር። ኢትዮጵያን ከመውረሩ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የማርትሬዛውን መቅረጫ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ወሰደው። እንግሊዞችም በበኩላቸው በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ያንኑ መልክ ይቀርጹ ጀመር። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ኃያላን መንግሥታት የሦስተኛ አገር ሟች ንግሥት መልክ ለመቅረጽ ሲሽቀዳደሙ። ጣሊያን አዲስ አበባ ገብቶ ሊሬ አወጀ፤ ገበሬው ወረቀቱን ጠላው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በጎጃም በኩል ሲመለሱ የተከተላቸው የእንግሊዝ ጦር በግመል የጫነው ጥይትና ማርትሬዛ ነበር።

ታዲያ ምን ጣላት? በእኔ እምነት ብቻውን አዋጅ አልጣላትም፤ አዋጅማ ብዙ ጊዜ ወጥቶባታል። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። ወረቀቱን ያሳተመችው አሜሪካ ናት። ከወረቀቱ ጋር ግን ከብር ማዕድን የተሠራ ባለ 50 ሳንቲም አብሮ ወጣ፤ ማዕድኑም ከአሜሪካ በጦርነት ብድር የተገኘ ነው። ይህ ብልሃት ነበር፤ ባላገሩ የሚያምነው ብርን እንጂ ወረቀትን ስላልሆነ፣ ብር በእጁ አስጨብጠው ወረቀቱን አለማመዱት። ከዚያ ግብር በአዲሱ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ደመወዝ በአዲሱ ተከፈለ፣ ጥሬ ጨው የሚሸጠውም ሳይቀር ተቀበለው። በሩቅ ገጠር ጠገራዋ ለብዙ ዓመታት በሙዳይ ተቀምጣለች፤ የተረፈችውም ቀልጣ መስቀልና አምባር ሆናለች። ንግሥቲቱ በአንድ ቀን አልወረደችም። ቀስ በቀስ የሚፈልጋት አነሰ።

ገዥው ግን ተለወጠ እንጂ ቦታው ባዶ አልቀረም። የራሳችን ገንዘብ ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በሐምሌ 1936፣ አርባ አራት አገሮች አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ውድስ በሚባል ስፍራ ተሰብስበው ነበር። ከአፍሪካ የነበሩት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በኢትዮጵያ ስም የተቀመጡት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና የመንግሥት ባንክ ገዥ የነበረው አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ናቸው። ስብሰባው የወሰነው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ የሁሉም ገንዘብ ከዶላር ይተሳሰር፣ ዶላርም ከወርቅ፤ አንድ አውንስ ወርቅ በ35 ዶላር። ያኔ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበርን መሆናችንን እወዳለሁ፤ ብዙው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ነበረና። የእኛም ገንዘብ ሲወለድ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ግድም እየተሰላ ተወለደ።

ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላር ከእንግዲህ በወርቅ አይመነዘርም አለ። ያኔም የዶላር ዘመን አበቃ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የእኛ ብር እንዲያውም በረታ፤ ዶላሩ ወደ 2 ብር ከ30፣ ከዚያም በ1965 ወደ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ወረደ። ደርግ መጥቶ እስኪሄድ ያ 2 ብር ከ07 ሳይነቃነቅ ቆመ፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፣ ባንክ ሄዶ በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኝ ጥቂት ሰው ነበርና። ዶላሩ ግን ወርቁን ጥሎም አልወደቀም። ነዳጅ በእርሱ ይሸጣል፤ የመርከብ ኪራይ በእርሱ ይከፈላል፤ ባንኮች እርስ በርስ በእርሱ ይተማመናሉ። ወርቅ ያልያዘ ወረቀት ሆኖም ነገሠ።

ከዚያ የሆነውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በመስከረም 1985 ዶላሩ 5 ብር ሆነ። በጥቅምት 2010 ብሩ በ15 በመቶ ተዳከመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀ፤ ከ57 ብር የተነሳው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ዓመቱ ሲዞር ከ130 በላይ ነበር። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ።

ያን ሰሞን በዚህ መንገድ ዳር ጎማ ሊገዛ የገባ ሽማግሌ ሾፌርና ልጅ እግር ባለሱቅ የሚባባሉትን ብትሰሙ እንዲህ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ዛሬ አልሸጥም።»

«ለምን ልጄ? ጎማው ተደርድሮ እያየሁት?»

«ይኼን ሸጬ ነገ በስንት እንደምተካው አላውቅማ። ቢያንስ አስመጪው ዋጋ ይንገረኝ።»

«እኔስ የጫንኩት በድሮው ታሪፍ ነው፤ ለማን ልንገር?»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ባለሱቁ ስግብግብ አልነበረም፤ ሾፌሩም ቸልተኛ አልነበረም። ምንዛሬው ከመለቀቁ በፊት በትይዩ ገበያው ዶላር ከባንኩ ዋጋ በእጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ኤልሲ የሚባለውን የባንክ የክፍያ ዋስትና ለመክፈት ወራት የሚጠብቅ አስመጪ ዕቃውን የሚተምነው ከዚያ እንጂ ከባንኩ ሰሌዳ አልነበረም። የለውጡ ቀን የታየው ሕመም ቀደም ብሎ የተደበቀ ሕመም ነበር። ይህን እላለሁ፣ የደመወዝተኛውን እንጀራ ግን ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም፤ ደመወዝ በብር ቆሞ ዘይት በዶላር ሲሮጥ ያየነው ሁላችንም ነን።

ከአዳማ ወጣ ብላችሁ ስምጥ ሸለቆውን ብታዩት የነገሩ ሥር ይገለጥላችኋል። ደቡብ ሂዱ፤ ወንጂ ናት። ከኢንዶኔዥያ የመጣው የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. እዚያ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ሸዋ ስኳር ተከተለ፣ በኋላ መተሐራ። አገሪቱ ስኳር ከውጭ መግዛት እንዲቀርላት ታስቦ የተተከለ ሸንኮራ ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በዛ፣ ፋብሪካዎቹ አረጁ፣ የተጀመሩት አዳዲሶቹም ዘገዩ፤ ስኳር የጫነ መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ የመተሐራን አገዳ በግራና በቀኝ እያየ አዳማ የሚገባበት ዘመን መጣ። ለዚያ ስኳር የወጣው ዶላር ነው። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ሽንፈቱ የመሬቱ አይደለምና።

ወደ መቂና ባቱ ሂዱ። የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም በብር ይሸጣል፤ ውኃ የሚስበው ፓምፕ፣ ፀረ ተባዩ፣ አብዛኛው ምርጥ ዘር ግን በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ገበሬው ዶላር በእጁ ነክቶ ባያውቅም ዶላሩ ማሳው ውስጥ ነው። ባቱ ላይ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ የአበባ ቤቶቹ ተዘርግተዋል፤ ጽጌረዳው በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባል፣ ዋጋውም በዩሮ ይሰላል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ የሚሸጥ ነገር አለና። ግን ላስቲኩ፣ ማዳበሪያውና ኬሚካሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የገባው ገንዘብ ሁሉ እዚህ አይቀርም።

ወደ አዳማ ኮረብታ ቀና በሉ፤ የነፋሱ ተርባይኖች ይዞራሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት። ነፋሱ የእኛ ነው፣ ተርባይኑ ከቻይና፣ የግንባታውም ገንዘብ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። ከአዲስ አበባ የመጣችሁበት 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የፍጥነት መንገድም፣ የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ በቻይና ብድር የተሠሩ ናቸው። በፍጥነት መንገዱ በር ላይ የሚከፈለው ክፍያ በብር ነው። መብራቱን የምንከፍለው በብር ነው። ብድሩ የሚመለሰው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ብሩ በተዳከመ ቁጥር፣ አንድም ተጨማሪ መኪና ሳያልፍ፣ አንድም ተጨማሪ አምፖል ሳይበራ፣ ዕዳው በብር ሲሰላ ያብጣል። ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገረን የሚለኝ ሰው ካለ፣ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ገቢያችን በአንድ ገንዘብ፣ ዕዳችን በሌላ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ዶላር ይወርዳል ወይ?

የሚታየውን ልንገራችሁ። በዚህ መቶ ዓመት መግቢያ የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ካስቀመጡት የውጭ ገንዘብ ውስጥ ከመቶ 70 በላይ ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከመቶ 58 ግድም ሆኗል። ቀነሰ። ዩሮ ከመቶ 20 ያህል ነው፤ ያን ያህል የሚወራለት ዩዋን ከመቶ 2 ግድም ነው። ከዓለም የምንዛሬ ግብይት ውስጥ ግን ከ10 ዘጠኙ ያህል አንዱ ወገኑ አሁንም ዶላር ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በ177.721 ለአንድ ዶላር ታስሯል። የሳዑዲ ሪያል በ3.75፣ የኤምሬትስ ድርሃም በ3.67 ታስረዋል። ጅቡቲ ላይ ፍራንክ የሚመነዝር ሾፌር፣ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ለሻሸመኔ ወይም ለአሰላ ቤተሰቧ ሐዋላ የምትልክ እህታችን፣ ሁለቱም የያዙት በስም ሌላ፣ በሒሳብ ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንካችን በሐምሌ 2016 ከኤምሬትስ ጋር የ46 ቢሊዮን ብርና የ3 ቢሊዮን ድርሃም የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ሲፈርም ከዶላር ወጣን ያሉ ነበሩ፤ ድርሃሙ ራሱ የታሰረው በዶላር ነው።

ግን ዶላሩን የሚያሳስብ አንድ ነገር አለ፤ የማርትሬዛ ታሪክ የሚያስተምረንም እርሱን ነው። ማርትሬዛውን የያዘ ሰው በኪሱ ያለውን ማንም ሊያግድበት አይችልም ነበር። ንግሥቲቱ ሞታለች፤ ትቆጣለች፣ ትከለክላለች የሚባል ነገር የለም። መቅረጫው ስላልተለወጠ ማዕድኑን አሳንሶ የሚያታልል መንግሥትም አልነበረም። የዛሬው ዶላር ግን በአብዛኛው በሩቅ ባንክ የተጻፈ ሒሳብ ነው፤ የሚጽፈው መንግሥት ሊያጠፋውም ሊያቆመውም ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር 300 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚገመት የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ ታገደ። የእገዳው ፍርድ ትክክል ነው አይደለም ብዬ አሁን አልከራከርም። ነገር ግን ያን ቀን የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ሁሉ የራሳቸውን ሣጥን ከፍተው አዩ። ከዚያ ወዲህ ወርቅ መግዛት በዛ፤ አንድ አውንስ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ከ4,000 ዶላር አለፈ። የአሜሪካም መንግሥት ዕዳ ከ36 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ዶላርን የሚያወርድ ነገር ቢመጣ ከተፎካካሪ ጉልበት ይልቅ ከያዦቹ ስጋት የሚመጣ ይመስለኛል። ፓውንድም የወረደው እንዲህ ነው፤ ሁለት ጦርነት፣ የዕዳ ክምር፣ ከዚያ ዓመታት የፈጀ መሸሽ። በአንድ ሌሊት ያየው የለም።

ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት። በዚያው ወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም ገበያ ከሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። እነዚህን ሁለት ነገሮች አብራችሁ ያዙልኝ። አዲስ ማኅበር መግባት ያረጀ ዕዳ አይከፍልም። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቻይና የተበደርነውን ከፊሉን ወደ ዩዋን ለመቀየር ንግግር እንዳለ የብሔራዊ ባንኩ ገዥ ተናግረዋል። ወለዱ የሚቀል ከሆነ መልካም ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ዩዋኑን ከየት እናመጣለን? ከቻይና የምንገዛው ለቻይና ከምንሸጠው እጅግ ይበልጣል። የሚጎድለውን ዩዋን ለመግዛት ተመልሰን የምንፈልገው ዶላር ነው። ማርትሬዛ ወርዳ ዶላር ሲነሣ የቡና ገበሬው ከሌላ ሰው ገንዘብ አልተላቀቀም፤ ዶላር ወርዶ ዩዋን ቢነሣም በራሱ የሚያላቅቀን አይደለም።

ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ ነው። ምንዛሬው ከተለቀቀ በኋላ በየድንበሩ ይሾልክ የነበረው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መምጣት ጀመረ፤ በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከቡና በልጦ የአገሪቱ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ሸቀጥ ሆነ። ከዚህ ወርቅ የተወሰነው ተሸጦ ማለቅ የለበትም ባይ ነኝ፤ በብሔራዊ ባንኩ ካዝና መቀመጥ አለበት፣ ማንም የማያግደው እርሱ ነውና። የአርሲና የባሌ ስንዴ፣ የወንጂና የመተሐራ ስኳር፣ የመቂ አትክልት ከውጭ የሚመጣውን በተካ መጠን ደግሞ ያልወጣ ዶላር ይቆጠራል፤ ያልወጣ ዶላር ከተለመነ ዶላር ይሻላል።

ስለዚህ ለዚያ የሻይ ቤት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ዶላር ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዛሬ በሕይወት ያለን ሰዎች ግን ከዙፋኑ ሲወርድ የምናይ አይመስለኝም። ውድቀቱን መጠበቅ ሥራ አይደለም። አዲስ መንገድ፣ አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለአዳማ፣ ለባቱ ወይም ለሻሸመኔ ሊሠራ ነው ሲባል፣ የአገሬ ሰው ሆይ፣ ለወከልከው የምክር ቤት አባል ሁለት ጥያቄ አቅርብለት፦ ብድሩ የተጻፈው በየትኛው ገንዘብ ነው? መክፈያውስ ከየትኛው ሽያጭ ይመጣል? መልሱን ሳታገኝ አታጨብጭብ።